እሳቱ ራሱ የሚነፋው ወናፍ፤ የቱርቦ ታሪክና የሚያስፈልገው ጥንቃቄ

(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)

የሰው እጅ ከሠራቸው መሣሪያዎች መካከል በሥራ ብዛት አርጅተው የሚሞቱ አሉ፤ በአያያዝ ጕድለት ብቻ ዕድሜያቸው ሳይደርስ የሚሞቱም አሉ። ዛሬ ታሪኩን የምናቀርብላችሁ መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለተኛው ወገን ነው። ስሙ ቱርቦ ይባላል። በከባድ የጭነት መኪና፣ በአውቶቡስ፣ በመርከብ፣ በናፍጣ ባቡር፣ እንዲሁም በብዙ የቤት መኪናዎች ሞተር ጐን ተጠግቶ ይገኛል፤ ቅርፁም ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ቀንድ አውጣዎች ይመስላል። መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ከወደ ሞተሩ የሚሰማው ቀጭን ፉጨት የእርሱ ድምፅ ነው። ሹፌሮቻችን ስሙን ያውቁታል፤ ጋራዥ ገብቶ «ቱርቦው አልቋል» የተባለ የመኪና ባለቤትም የዋጋውን ክብደት ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ይህ መሣሪያ ከየት እንደ መጣ፣ ስለ ምን እንደሚሞት፣ ከተጐዳም በኋላ በምን ዓይነት ጥበብ እንደሚታደስ ጠይቆ የተረዳው ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ ታሪኩን ከመነሻው ጀምረን እንተርካለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

እሳት ያለ አየር እንደማይነድ ከሰል ያያያዘ ሁሉ ያውቃል። ብረት ቀጥቃጭ ከሰሉን ከምሮ ዝም ቢል ብረቱ አይግልለትም፤ ወናፉን በነፋ ጊዜ ግን ያው ከሰል ብረቱን ፍም ያስመስለዋል። የመኪና ሞተርም እንደዚሁ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ ናፍጣ ወይም ቤንዚን በሚገባ ሊነድ የሚችለው በገባው አየር ልክ ብቻ ነው፤ አየሩ ሳይበቃ ናፍጣ ቢጨምሩበት ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። እንግዲህ የሞተርን ጕልበት ለመጨመር የሚፈልግ መሐንዲስ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ሞተሩን ያገዝፋል፤ አለዚያም በዚያው ሞተር ላይ ወናፍ ያቆማል። ቱርቦ ማለት ይህ ወናፍ ነው። የሚያስደንቀው ግን ወናፉን የሚነፋው ሰው ወይም ሌላ ሞተር አለመሆኑ ነው፤ የሚነፋው እሳቱ ራሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከሞተሩ የሚወጣው የጋለ ጭስ ወደ ማርሚታው ከመድረሱ በፊት አንዲት ባለ ክንፍ መንኰራኵር እየመታ ያዞራል። ይህች መንኰራኵር በአንድ ቀጭን ዘንግ ከሌላ መንኰራኵር ጋር ተያይዛለች፤ ሁለተኛይቱም ከውጭ ንጹሕ አየር እየሳበችና እያመቀች ወደ ሞተሩ ትሰዳለች። በነዳጅ ውስጥ ካለው ሙቀት አንድ ሦስተኛ የሚያህለው በጭስ መውጫ ባክኖ የሚቀር ነበር፤ በዚህ ዘዴ ግን ከሚባክነው ከፊሉ ተመልሶ ሞተሩን ያገለግላል።

ወደ ሞተር የሚገባውን አየር አምቆ ማስገባት እንደሚጠቅም እነ ጎትሊብ ዳይምለርና እነ ሩዶልፍ ዲዝል አስቀድመው አስበውበት ነበር። ነገር ግን እነርሱ ያሰቡት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ በራሱ ጕልበት ስለ ነበረ በአንድ እጅ የሰጠውን በሌላው እጅ መልሶ የሚወስድ ነበር። የባከነውን ጭስ ለዚህ ሥራ የማዋሉን ሐሳብ አስተካክሎ ያቀረበው አልፍሬድ ቡኺ የተባለ የስዊስ መሐንዲስ ነው። ቡኺ በ1879 ዓ.ም. ቪንተርቱር በተባለች ከተማ ተወለደ፤ በዙሪክ ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤትም ተምሮ በምህንድስና ተመረቀ። ገና የ26 ዓመት ወጣት ሳለ በ1905 ዓ.ም. በኅዳር ወር ሐሳቡን በጀርመን አገር በፈጠራ መብት መዝገብ አስመዘገበ።

ሐሳቡን ማስመዝገብና መሣሪያውን ማሠራት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቡኺ በትውልድ ከተማው በዙልዘር ፋብሪካ ገብቶ ከ1911 ዓ.ም. ጀምሮ ሙከራ ቢያደርግም ውጤቱ ለብዙ ጊዜ አላረካም። የዚያ ዘመን ብረት የጭሱን ግለት ችሎ በዚያ ፍጥነት ለመዞር አይበቃም ነበር። ሥራው ፍሬ ያፈራው ሐሳቡ ከተመዘገበ ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ ነው። በ1920ዎቹ ዓመታት አጋማሽ «ፕሮይሰን» እና «ሃንዘሽታት ዳንዚግ» የተባሉ ሁለት የጀርመን የመንገደኞች መርከቦች በቡኺ ዘዴ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች ተተከሉላቸው። ቱርቦ ባይኖራቸው 1,750 የፈረስ ጕልበት ይሰጡ የነበሩት ሞተሮች በቱርቦ 2,500 የፈረስ ጕልበት ሰጡ። ሞተሩ ሳይገዝፍ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ ጕልበት ተጨመረለት ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለኋላው ነገራችን መሠረት የሚሆን አንድ ጕዳይ ልብ በሉ። ቱርቦ መጀመሪያ የተሳካለት በመርከብ ላይ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። መርከብ ሰፊ ቦታ አለው፤ ሞተሩም ለብዙ ቀን ፍጥነቱን ሳይለዋውጥ ይሠራል። ከዚህም ሁሉ በላይ በመርከብ ላይ ሞተሩን ከመጠበቅ በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው መሐንዲሶች አሉ። እነዚህ ሰዎች የዘይቱን ግፊትና ሙቀት በየሰዓቱ እያዩ በመዝገብ ይጽፋሉ። በአየር በኩል ያለችው መንኰራኵር ቅባትና አቧራ ሲይዛት ሞተሩ እየሠራ ውኃ ረጭተው ያጥቧታል፤ በጭስ በኩል ያለችውን ደግሞ የተፈጨ የለውዝ መሰል ፍሬ ቅርፊት ከጭሱ ጋር ነፍተው ጥላሸቱን ያራግፉላታል። ኩሽኔታውንም የሚለውጡት እስኪሰበር ጠብቀው ሳይሆን የተወሰነለት የሥራ ሰዓት ሲሞላ ነው። በዚህ ዓይነት የተያዘ ቱርቦ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል።

ቡኺ በመርከብ ሞተር ሲደክም ሌሎች ሊቃውንት መሣሪያውን ለአውሮፕላን ፈለጉት። ወደ ላይ በተወጣ ቍጥር አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ የአውሮፕላን ሞተር በከፍታ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኦጉስት ራቶ የተባለ የፈረንሳይ መሐንዲስ ለአውሮፕላን ሞተር የሚሆን ቱርቦ ሠርቶ ነበር። በአሜሪካም ሳንፎርድ ሞስ የተባለው የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ መሐንዲስ ይህንኑ ሥራ ያዘ። ሞስ መሣሪያው በእውነት እንደሚሠራ ለማሳየት የመረጠው መንገድ በጣም ግልጥ ነበር። በ1918 ዓ.ም. «ሊበርቲ» የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በጭነት መኪና ላይ አስሮ በኮሎራዶ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው ፓይክስ ፒክ ወደተባለው ተራራ ጫፍ አወጣው። የተራራው ከፍታ 4,300 ሜትር ያህል ስለሆነ ከእኛው ከራስ ዳሸን ጥቂት ዝቅ ይላል። በባሕር ጠረፍ 350 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በዚያ ከፍታ ያለ ቱርቦ ሲሞከር 230 ብቻ ሰጠ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት ግን 356 ሰጠ። ተራራው የወሰደበትን ጕልበት ቱርቦው ከነትርፉ መለሰለት።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት ወር 1920 ዓ.ም.፣ ሻለቃ ሩዶልፍ ሽሮደር የተባለ አሜሪካዊ አብራሪ ቱርቦ በተገጠመለት አውሮፕላን ከ10,000 ሜትር በላይ ወጥቶ የዚያን ዘመን የከፍታ ክብረ ወሰን ያዘ። የሚተነፍሰው ኦክሲጅን ቢቋረጥበት ራሱን ስቶ ብዙ ሺህ ሜትር ቍልቍል ከወደቀ በኋላ ነፍስ ዘርቶ በሰላም አረፈ። ከዚህ እንደምናየው በዚያ ከፍታ ሰውየው ትንፋሽ ሲያጥረው ሞተሩ አላጠረውም።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቢ-17 የተባለው የአሜሪካ ቦምብ ጣይ በአራቱም ሞተሮቹ ላይ ቱርቦ ነበረው። በሺህ የሚቈጠር አውሮፕላን ሲሠራ ደግሞ የጭሱን ግለት የሚችል ብረት በብዛት ማግኘት ግዴታ ሆነ። መፍትሔውም ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ለሚሠሩ ባለሙያዎች የወጣ ቪታሊየም የተባለ የኮባልትና የክሮም ቅልቅል ነበረ፤ እርሱ ለመንኰራኵሮቹ ክንፎች ተስማሚ ሆኖ ተገኘ። ብረቱ በመሞረድና በመቀጥቀጥ የማይበገር ስለሆነ ክንፎቹን የሠሯቸው ቅርጹን በሰም አበጅተው፣ በላዩ ሸክላ መሰል ነገር ለብጠው፣ ሰሙን አቅልጠው በማውጣት በስፍራው የቀለጠውን ብረት በማፍሰስ ነው። የአገራችን መስቀል ሠሪዎች በዚሁ በሰም ዘዴ ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምረው ሲሠሩበት የኖሩ ስለሆነ ጥበቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ከባሕርና ከሰማይ ቀጥሎ ተራው የየብስ ሆነ። የስዊሱ ዛውረር ፋብሪካ በ1938 ዓ.ም. ለጭነት መኪና የሚሆን ባለ ቱርቦ የናፍጣ ሞተር አወጣ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድኑ ቮልቮ ባለ ቱርቦ የናፍጣ መኪና ለገበያ አቀረበ። የጭነት መኪና ባለቤቶች የአንዲት ጉዞ ትርፍና ኪሳራ የሚያሰሉ፣ መካኒክና ጋራዥ ያላቸው ሰዎች ስለሆኑ መሣሪያው በእነርሱ እጅ ተስማምቶ ኖረ።

የቤት መኪና ነገር ግን ሌላ ሆነ፤ የታሪካችን ፍሬ ነገርም እዚህ ላይ ነው። በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ ሁለት የቤት መኪናዎች ቱርቦ ይዘው ወጡ። አንደኛው የሸቭሮሌት «ኮርቬር» ነው፤ ሁለተኛው የኦልድስሞቢል «ጄትፋየር» ነው። ጄትፋየር 3.5 ሊትር ብቻ በሆነ የአልሚኒየም ሞተር 215 የፈረስ ጕልበት ይሰጥ ስለነበረ ለዘመኑ ድንቅ ነበር። ነገር ግን አንድ ችግር ነበረበት። ሞተሩ ከተፈጥሮው አየርን እጅግ የሚያምቅ ሆኖ ሳለ ቱርቦው ደግሞ ሲጨምርበት ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እየነደደ ሞተሩን እንዳይቀጠቅጠው ያሠጋ ነበር። ስለዚህ ፋብሪካው ውኃና ሜታኖል የተባለ አልኮል እኩል ለእኩል ተቀላቅለው ሞተሩ በሚጨነቅበት ጊዜ ከአየሩ ጋር እየተረጩ እንዲያቀዘቅዙት አደረገ። ፈሳሹ የሚቀመጥበት ልዩ ጋን ተሠራለት፤ ጋኑን እየተመለከተ የመሙላት ኀላፊነትም ለመኪናው ባለቤት ተሰጠ።

ባለቤቱ ግን አልሞላም። ቤንዚን መቅዳት የለመደ ሰው ሌላ ፈሳሽ መቅዳቱን ይረሳዋል። ጋኑ ባዶ ሲሆን ሞተሩን ከጉዳት ለመጠበቅ የተሠራ በር ይዘጋና የቱርቦውን አየር ይቀንሰዋል፤ መኪናውም በብዙ ገንዘብ የተገዛበትን ጕልበት ያጣል። ባለቤቱም ስንፍናው የራሱ መሆኑን ሳያውቅ በመኪናው ያማርራል። ጄትፋየር በሁለት ዓመት ውስጥ 10,000 እንኳ ሳይሞላ መሠራቱ ቆመ። ጥቂት ቆይቶም ፋብሪካው ቱርቦውን አውልቆ በስፍራው ተራ ካርቡራቶር እንዲገጠምላቸው ለባለቤቶቹ ዕድል ሰጠ፤ ብዙዎቹም አስነቀሉት። ስለዚህ ዛሬ ቱርቦው ከነሙሉ ዕቃው የሚገኝ ጄትፋየር ከስንት አንድ ነው።

ክቡራን አንባቢዎች፤ ሁለቱን ታሪኮች አስተያዩ። በመርከብ ላይ መዝገብ ይዞ የሚጠብቀው ሰው ስለነበረ ቱርቦው ተከብሮ ኖረ፤ በቤት መኪና ላይ ጠባቂው ማን እንደሆነ ስላልታወቀ በሦስት ዓመት ውስጥ ተነቅሎ ተጣለ። ለመሣሪያው ዕድሜ የሚሰጠው የሠሪው ብልሃት ብቻ አይደለም፤ የጠባቂውም ትጋት ነው።

ቱርቦ ወደ ቤት መኪና ተመልሶ የመጣው በ1970ዎቹ ነው። በ1973 ዓ.ም. የጀርመኑ ቢ ኤም ደብልዩ፣ በ1974 ፖርሸ፣ በ1977 ደግሞ የስዊድኑ ሳብ ባለ ቱርቦ መኪና አሳዩ፤ በ1978 መርሴዲስ ባለ ቱርቦ የናፍጣ የቤት መኪና አወጣ። የ1973ቱ የነዳጅ ችግር ለፍጥነት የተሠራውን መኪና ቢጐዳውም በኋላ አነስተኛ ሞተር በትንሽ ነዳጅ ትልቅ ሥራ እንዲሠራ የሚያደርገውን ቱርቦ አስወደደው። ነገር ግን የጄትፋየር ዓይነት ችግር በሌላ መልክ ተመለሰ። ሹፌሩ በፍጥነት ነድቶ እንደ ደረሰ ሞተሩን ወዲያው ያጠፋል፤ ዘይቱ መመላለሱን ያቆማል፤ በጭስ በኩል ያለው ብረት ግን ገና እንደ ጋለ ነው። ግለቱ ወደ መካከለኛው ክፍል ሲዛመት በዚያ የቀረው ዘይት አርሮ እንደ ከሰል ይደርቃል። ይህን አይተው ፋብሪካዎች በ1980ዎቹ የቱርቦውን መካከለኛ ክፍል የራዲያተር ውኃ እንዲዞርበት አድርገው መሥራት አዘወተሩ፤ የተሻለ ሙቀት የሚችል ዘይትም መጣ። ችግሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

አሁን ወደ መሣሪያው ውስጥ ገብተን የሚሞትበትን ምክንያት እንመልከት። የአንድ የቤት መኪና ቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ትንንሾቹማ ከ200,000 የሚያልፉ አሉ። 120,000 ብንል እንኳ በአንዲት ሰከንድ 2,000 ጊዜ ማለት ነው። በቤንዚን ሞተር የሚመታው ጭስ በከባድ ሥራ ጊዜ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ይህን ሁሉ የሚሸከመው ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ የሚዞረው ከነሐስ በተሠሩ፣ ቀለበት በሚመስሉ ኩሽኔታዎች ውስጥ ነው፤ በዘንጉና በኩሽኔታው መካከል ያለው ክፍተት ከሰው ፀጉር ውፍረት አይበልጥም። በዚያ ክፍተት የሚያልፈው የሞተሩ ዘይት ነው። ዘንጉ በደኅና ጊዜ ብረት አይነካም፤ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ዘንጉ ይወላከፋል፤ መንኰራኵሮቹም ቤታቸውን ይፍቃሉ።

ስለዚህ የቱርቦ ገዳዮች አራት ናቸው። የመጀመሪያው የዘይት ማነስ ነው። ሁለተኛው የዘይት መቆሸሽ ነው፤ በጊዜው ያልተለወጠ ዘይት ጥላሸትና የብረት ደቃቅ ይዞ ኩሽኔታውን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ሦስተኛው ከውጭ የሚገባ ባዕድ ነገር ነው፤ በተቀደደ የአየር ፊልትሮ የገባ አሸዋ ወይም የተረሳ ዳዶ በዚያ ፍጥነት የምትዞረውን መንኰራኵር ያጐድፋታል። አራተኛው ከልክ ያለፈ ግለትና ፍጥነት ነው። አራቱም ከቱርቦው ውጭ የሚመጡ መሆናቸውን አስተውሉ። የሞተውን አውጥቶ ገዳዩን ሳይፈልጉ አዲስ የሚገጥሙ ሰዎች ሁለተኛውን ለዚያው ገዳይ አሳልፈው መስጠታቸው ነው።

እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የተወነጀለው ቱርቦ ጤነኛ ሆኖ ይገኛል። መኪናው ሰማያዊ ጭስ ሲያወጣ ብዙ ሰው በቱርቦው ይፈርዳል። ነገር ግን ከቱርቦው ዘይቱ የሚመለሰው ግፊት ኖሮት ሳይሆን በራሱ ክብደት ወደ ታች እየፈሰሰ ነው፤ የመመለሻው ቧንቧ ቢደፈን ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ተዘግቶ በሆዱ ግፊት ቢጠራቀም ዘይቱ መውረጃ ያጣና በዘንጉ ጐንና ጐን ይወጣል። እንግዲህ ጥሩ መካኒክ ቱርቦውን ከመፍታቱ በፊት እነዚህን ይመረምራል።

ቱርቦው በእርግጥ ተጐድቶ ከተገኘ ግን ሁልጊዜ መጣል የለበትም፤ ሊታደስ ይችላል። እድሳቱ የሚጀምረው ምልክት በማድረግ ነው። ሁለቱ የውጭ ቤቶች ከመካከለኛው ክፍል ጋር በየት በኩል እንደ ተጋጠሙ፣ ዘንጉና የአየሩ መንኰራኵርም በየት አቅጣጫ እንደ ተያዙ ሳይፈቱ ምልክት ይደረግባቸዋል። የመንኰራኵሯ ዳዶ በብዙ ዓይነቶች ላይ ከተለመደው በተቃራኒ የሚፈታ ስለሆነ በጕልበት መታገል ዘንጉን ያበላሻል። ከዚያም ሁሉም ዕቃ በሚያሟሟ ፈሳሽ ይዘፈዘፋል። ያረረውን ዘይት ከመተላለፊያው ማስወገድ ግድ ነው፤ የአየሩ መንኰራኵር ግን ከአልሚኒየም ስለተሠራች በሽቦ ብሩሽ መፋቅ አይገባም። አንዲት ጭረት ሚዛኗን ታዛባለች።

ከጽዳት በኋላ ልኬት ይመጣል። ዘንጉ በማይክሮሜትር ይለካል፤ መቦጨቁ፣ በግለት መጥቈሩና መጕበጡ ይታያል። የተሰነጠቀ የጭስ ቤት፣ ክንፏ የተሸረፈ መንኰራኵር፣ የጐበጠ ዘንግ አይታደስም፤ ይለወጣል። ኩሽኔታዎቹ፣ ዘንጉን ወዲያና ወዲህ እንዳይሄድ የሚይዘው መግቻ፣ የጫፍ ቀለበቶቹና ጓርኒሲዮኖቹ ምንም ደኅና ቢመስሉ በአዲስ ይተካሉ።

የእድሳት ዋናው ጥበብ ግን ሚዛን ማስተካከል ነው። በሰከንድ 2,000 ጊዜ በሚዞር ነገር ላይ በዓይን የማይታይ የክብደት ልዩነት እንደ መዶሻ ይመታል። ስለዚህ ዘንጉ ከነመንኰራኵሮቹ በልዩ መሣሪያ ላይ እየዞረ ይመዘናል፤ ከከበደው ወገን በጥቂቱ እየተሞረደ ይስተካከላል። መካከለኛው ክፍል ከተገጣጠመ በኋላም ዘይት እየተሰጠው በከፍተኛ ፍጥነት እንደ ገና ይፈተናል። ይህ መሣሪያ በሌለበት ጋራዥ ኩሽኔታ ብቻ ለውጦ መልሶ መግጠም እድሳት ሊባል አይችልም፤ ዋጋው ቢረክስም ዕድሜው አጭር ነው። በናፍጣ መኪናዎች ዘንድ የተለመደው፣ ክንፎቹ እየተከፈቱና እየተዘጉ ጭሱን የሚቈጣጠሩት ዓይነት ደግሞ ጥላሸቱ ከተጠረገለት በኋላ የክንፎቹ ልክ በመፈተኛ መሣሪያ መስተካከል አለበት።

የታደሰው ቱርቦ ሲገጠም ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው አብረው ይለወጣሉ። ዘይት የሚያመጣው ቀጭን ቧንቧ ይጠረጋል፤ በውስጡ ያረረ ነገር ካለበት በአዲስ ይተካል። በዘይት መጋጠሚያዎች ላይ ተለጣፊ ማስቲሽ መቀባት አይገባም፤ ትራፊው ተቈርጦ መተላለፊያውን ይደፍናልና። ከቀድሞው ስብራት የቀረ የብረት ቍራጭ በአየር ቱቦዎችና በአየር ማቀዝቀዣው ውስጥ እንዳይኖር ይታያል። ከዚያም በቱርቦው ዘይት ማስገቢያ ንጹሕ ዘይት ይንቆረቆርለታል፤ ሞተሩም ሳይነሣ በሞተሪኖው ብቻ እየዞረ የዘይቱ ግፊት እስኪመጣ ይጠበቃል። ከተነሣ በኋላም ለጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ይሠራል እንጂ ቤንዚን አይረገጥም። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ትዕግሥት ነው።

በአገራችን ደግሞ ይህ ጥንቃቄ ከሌላው ቦታ ይልቅ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት የባሕር ጠረፉን ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት ይዞ የሚነሣ መኪና የፓይክስ ፒክን ፈተና በየጉዞው በከፊል ይፈተናል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሽቅብ በወጣ ቍጥር ጕልበቱን ያጣል፤ ቱርቦ ያለው ይቋቋመዋል። ነገር ግን ቱርቦው የሳሳውን አየር ለማሟላት ከቆላው ይልቅ በብርቱ ፍጥነት መዞር አለበት። በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ቢታፈን፣ ወይም የአየሩ ቱቦ ተሰንጥቆ ቢያስተነፍስ፣ የጐደለውን ለመተካት ፍጥነቱ ከልክ ያልፋል። ስለዚህ በደጋ የሚነዳ ሰው የአየር ፊልትሮውንና የቱቦዎቹን መጋጠሚያ ከቆላ ሰው ይልቅ ደጋግሞ ማየት ይገባዋል።

የሹፌሩ ግዴታ ረጅም አይደለም። በፋብሪካው የታዘዘውን ዓይነት ዘይት በታዘዘው ጊዜ ይለውጥ። ጠዋት ሞተሩን አስነሥቶ ወዲያው አያጩኸው፤ ዘይቱ እስኪደርስ ጥቂት ይታገሥ። ረጅም ዳገት ወጥቶ ሲደርስ ወዲያው አያጥፋ፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተወው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንዲሉ፣ በሁለት ደቂቃ ችኰላ የተቃጠለውን ኩሽኔታ የብዙ ወር ገቢ ላይለቅመው ይችላል። አዲስ ፉጨት ቢሰማ፣ ጭሱ ቀለሙን ቢለውጥ፣ ዘይት ያለ ምክንያት ቢጐድል፣ ነገ ሳይል ዛሬ ያሳይ።

አልፍሬድ ቡኺ በ1959 ዓ.ም. ሲሞት ሐሳቡ በመርከቦች ላይ ሥር ሰዷል፤ በቤት መኪና ላይ የሚደርስበትን ውድቀትም መነሣትም ግን አላየም። እርሱና እነ ሞስ እሳቱ ራሱ የሚነፋውን ወናፍ ሠርተው ሰጡን፤ ወናፉ እንዳይቀደድ መጠበቁ የእኛ ፈንታ ነው። በመርከብ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው መሐንዲስ ደመወዝና መዝገብ አለው፤ በመኪናችን ላይ ግን ያ መሐንዲስ እኛው ነን። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲሉ ስለ ሞተር ባያስቡም ቃላቸው ለቱርቦ እንደ ተነገረ ያህል ይስማማል። እያንዳንዱ የመኪና ባለቤት ዘይቱን የለወጠበትን ቀንና ኪሎ ሜትር የሚጽፍበት አንድ ደብተር በመኪናው ውስጥ ቢያኖር ከብዙ ወጪ ይድናል፤ የሚጓዝባትንም መኪና በዳገት መካከል ከመቆም ያድናታል።